ኦንላይን ኮርስ ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ሆኖ ለመሸጥ፦ ከናሙና ትምህርት እስከ ሁለተኛው ዙር

«ኮርሱን ቀርጬ ጨርሻለሁ፣ ቻናልም ከፍቻለሁ፣ ግን የሚመዘገብ ሰው የለም። ምን ላድርግ?» ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይደርሰኛል። አንዷ ልብስ ስፌት ታስተምራለች፣ አንዱ ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌር ያሠለጥናል፣ ሌላው ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ሒሳብ ያዘጋጃል። ችግራቸው ተመሳሳይ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ቮይስ ከመላክ ሙሉውን አሠራር እዚህ ጽፌዋለሁ። ምሳሌ የማደርገው የራሴን ኮርስ ነው፤ ለስቶር ሠራተኞች የሚሰጥ የኤክሴል ትምህርት። የእናንተ ሌላ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ፦ ኮርሱን ጨርሳችሁ ቀርጻችሁ ገዢ ፍለጋ አትውጡ። አንድ ትምህርት ቅረጹ፣ ተማሪ መዝግቡ፣ የቀረውን ከተመዘገቡት ሰዎች ጋር እየሄዳችሁ ቅረጹ። እኔ መጀመሪያ 31 ቪዲዮ ለመቅረጽ አምስት ወር ፈጅቶብኛል። የተመዘገቡት አራት ሰዎች ነበሩ፤ አራቱም አጥብቀው የጠየቁኝ ነገር ከ31ዱ በአንዱም ውስጥ አልነበረም። የዚያ አምስት ወር ድካም ዛሬም ይቆጨኛል፤ እናንተ እንድትደግሙት አልፈልግም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ፤ ስክሪን ላይ የሚሠራ ትምህርት ከሆነ ላፕቶፕ
- ልብስ ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ማይክ
- ፓወር ባንክ (መብራት በሚቀረጽበት ሰዓት ሊጠፋ ይችላል)
- ቴሌግራም፣ እና አንድ የቲክቶክ ወይም የፌስቡክ ገጽ። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አትጀምሩ
- ቴሌብር፣ እና በራሳችሁ ስም የተከፈተ አንድ የባንክ ሒሳብ
- የተመዝጋቢ መዝገብ፤ ደብተርም ኤክሴልም ይሆናል
- 16 ወይም 32 ጊጋባይት የሆኑ ሁለት ሦስት ፍላሾች
- በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለስድስት ሳምንት

ደረጃ 1፦ ገዢውን በሥራው ለዩት

«ኤክሴል ለሁሉም» የሚል ኮርስ ማንም የእኔ ነው አይለውም። «ለስቶር ሠራተኛ» ስትሉ ግን ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ዕቃ የሚረከበው፣ ደረቅ ወደቡ አካባቢ መጋዘን የሚጠብቀው፣ ደሴ ፒያሳ የጅምላ መደብር ውስጥ የሚሠራው ሰው ቀና ብሎ ያያል። ሰው የሚከፍለው ከሚያስጨንቀው ነገር ለመገላገል ነው። ጭንቀቱን ለይታችሁ ካላወቃችሁ ማስታወቂያችሁ ስለምን እንደሚያወራ አይታወቅም።

አምስት ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩ። ሻይ ጋብዙና ስለ ሥራቸው ብቻ ጠይቁ። «ኮርስ ባዘጋጅ ትመዘገባለህ?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ። እኛ ሰውን ፊት ለፊት እንቢ ማለት ይከብደናል፤ በይሉኝታ «ኧረ እንዴታ!» ይላችኋል፣ የምዝገባው ቀን ግን አይመጣም። ይልቅ «ባለፈው ቆጠራ ምን አስቸገራችሁ?» በሉ። የሚመልሱላችሁን ቃል በቃል ጻፉት። አንዱ የነገረኝ «ቢን ካርዱና መደርደሪያው አልስማማ እያሉ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኙኝም» የሚል ነበር (ቢን ካርድ የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚሰፍርበት ካርድ ነው)። ይህን ዓረፍተ ነገር ቁጭ ብዬ ባስብ አላገኘውም፤ ከዚያ ወዲህ ከጻፍኳቸው ማስታወቂያዎች ሁሉ ብዙ ሰው ያመጣልኝም እሱ ነው።

ደረጃ 2፦ ውጤቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ሦስት ነገር ይኑረው፦ ለማን፣ በስንት ጊዜ፣ ምን ማድረግ ይችላል። የእኔ እንዲህ ይላል፦ «ስቶር ሠራተኛ ከሆናችሁ፣ በአራት ሳምንት ውስጥ የዕቃ ገቢና ወጪን በኤክሴል መዝግባችሁ የወር መጨረሻ ሪፖርት በራሳችሁ ታወጣላችሁ።»

ማስጠንቀቂያ፦ «ሥራ ትቀጠራላችሁ»፣ «ገቢያችሁ በእጥፍ ያድጋል» አትበሉ። በእጃችሁ ያለው ማስተማር እንጂ መቅጠር አይደለም። አሳሳች ማስታወቂያ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም የተከለከለ ነው። የምትሰጡት ወረቀት ካለም የተሳትፎ ወረቀት መሆኑን በግልጽ ጻፉ፤ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) መስሎት የሚከፍል ሰው መኖር የለበትም።

ደረጃ 3፦ አንድ ናሙና ትምህርት ቅረጹ

ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ናሙናው የኮርሱ መግቢያ አይሁን። አንድ ትንሽ ችግር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፍታ፤ ያየው ሰው የዚያኑ ዕለት ሥራው ላይ ይሞክረው። በነፃ ያገኘው ነገር ከሠራለት የሚከፈልበትንም ያምናል።

ስለ ምስሉ ብዙ አትጨነቁ፣ ስለ ድምፁ ግን ተጨነቁ። ደብዘዝ ያለ ምስል ሰው ይታገሣል፤ የሚያስተጋባ ድምፅ ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያስወጣዋል። ደሴ ውስጥ ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ መቅረጽ ከባድ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የራሳችሁ ድምፅ ለራሳችሁም አይሰማም። ጠዋት ባጃጅ ሳይበዛ፣ መጋረጃና ፍራሽ ባለበት ክፍል ቅረጹ። ጨርቅ ማስተጋባቱን ይውጠዋል።

ተማሪው የሚያየው በስልክ ስለሆነ የኤክሴሉን ገጽ ከ150 እስከ 200 በመቶ አጉሉት። ቀርጻችሁ ስትጨርሱ በራሳችሁ ስልክ ክፈቱትና ቁጥሮቹ ካልተነበቡ ድገሙት።

የፋይሉ መጠንም ገበያችሁን ይወስናል። ስልክ በ1080 ሲቀርጽ በደቂቃ ከ100 ሜጋባይት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ የ10 ደቂቃ ትምህርት ወደ አንድ ጊጋባይት ይጠጋል ማለት ነው። ያንኑ ቪዲዮ በ720፣ በሰከንድ 1 ሜጋቢት አድርጋችሁ ብታወጡት በደቂቃ ወደ 8 ሜጋባይት ይወርዳል፤ 10 ደቂቃው 80 ገደማ ይሆናል። ካፕካት ወይም ሃንድብሬክ የተባለው የቪዲዮ መተግበሪያ ይህን ይሠራል። ተማሪው ኮርሱን ከገዛ በኋላ በየትምህርቱ የዳታ ፓኬጅ የሚጨርስበት ከሆነ በሁለተኛው ሳምንት ያቆማል።

ደረጃ 4፦ ዋጋ ቁረጡ

የሰውን ዋጋ አይታችሁ አትገልብጡ፤ ከሰዓታችሁ ተነሡ። ለምሳሌ አራት ሳምንት ሆኖ በሳምንት 6 ሰዓት ለመቅረጽ፣ 6 ሰዓት ጥያቄ ለመመለስ ቢወስድ 48 ሰዓት ነው። የአንድ ሰዓት ድካማችሁን 150 ብር ብትተምኑት 7,200 ብር ይመጣል። ለዳታ፣ ለፍላሽ፣ ለኅትመት 1,800 ስትጨምሩ 9,000 ይሆናል። 20 ሰው ብትጠብቁም ለ12 አካፍሉት፤ 750 ብር። ትንሹን ቁጥር የምትይዙት ሰው ባይሞላ እንኳ በንዴት እንዳታስተምሩ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ለስሌቱ ማሳያ ናቸው፤ የራሳችሁን አስገቡ።

ዋጋውን በግልጽ ጻፉት። «ለዋጋ ኢንቦክስ» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ወይ ውድ ነው ብሎ ያልፋል፣ ወይ እንደ ሰው አይተው ነው የሚጠሩት ብሎ ይጠረጥራል። ለከበደው ሰው በሁለት ጊዜ እንዲከፍል ፍቀዱ። ለአንዱ በግል ቀንሳችሁ ለሌላው ግን አትከልክሉ፤ ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ተማሪዎቻችሁም ይተዋወቃሉ።

ደረጃ 5፦ ሁለት የቴሌግራም ቻናል ክፈቱ

አንዱ ለሁሉም ክፍት ይሁን፤ ናሙናና ማስታወቂያ እዚያ ይለቀቃል። ሁለተኛው ዝግ ሆኖ ለከፈሉት ብቻ ይሁን። በዝጉ ቻናል ላይ ይዘት እንዳይቀመጥና እንዳይተላለፍ የሚከለክለውን ማስተካከያ አብሩት። በሌላ ስልክ የሚቀርጸውን ባያስቆምም፣ ሳያስብ ለጓደኛው «ፎርዋርድ» የሚያደርገውን ይገታዋል።

በክፍቱ ቻናል አናት ላይ አንድ ጽሑፍ ፒን አድርጉ፦ የኮርሱ ዓረፍተ ነገር፣ ለማን እንደማይሆን፣ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ ዋጋ፣ የአከፋፈል መንገድ፣ ገንዘብ የሚመለስበት ሁኔታ። «ለማን እንደማይሆን» የሚለውን አትዝለሉት። እኔ «ኮምፒውተር ነክቶ ለማያውቅ ሰው አይሆንም» ብዬ ከጻፍኩ ወዲህ ገንዘቤን መልስልኝ የሚለኝ ሰው በጣም ቀንሷል።

ደረጃ 6፦ ለ14 ቀን ጥቅም ስጡ፣ ከዚያ ምዝገባ ክፈቱ

ከምዝገባው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት በየሁለት ቀኑ አንድ ነገር ልቀቁ። ሁሉም ከተማሪው የሥራ ቦታ ይነሣ። አንዱን እንዳለ ላሳያችሁ፦

«የወሩ መጨረሻ ደረሰ። ቢን ካርዱ 240 ይላል፣ መደርደሪያው ላይ 228 ነው ያለው። 12ቱ የት ገባ? ብዙ ጊዜ ዕቃው ጠፍቶ አይደለም፤ የወጣበት ሞዴል 22 ካርዱ ላይ ሳይሰፍር ቀርቶ ነው። ይህን ልዩነት በአንድ ቀመር እንዴት እንደምትይዙት ዛሬ ማታ 2:00 ሰዓት ላይ የ8 ደቂቃ ቪዲዮ እለቃለሁ።»

(ሞዴል 22 ዕቃ ከስቶር ሲወጣ የሚሞላው ቅጽ ነው።) ጽሑፉ ውስጥ «ኮርስ» የሚል ቃል የለም። ስቶር ውስጥ ያልሠራ ሰው አልፎት ይሄዳል፤ የሠራው ግን ለባልደረባው ይልከዋል። ማስታወቂያችሁን ከከተማ ከተማ የሚያደርሰው ይህ መላላክ ነው። የሚከፈልበትን ማስታወቂያ ለሁለተኛው ዙር አቆዩት። የትኛው ጽሑፍ ሰው እንደሚያመጣ ሳታውቁ ገንዘብ ማውጣት ጨለማ ውስጥ መወርወር ነው።

ጊዜውን አስቡበት። ምዝገባው ደመወዝ በወጣ በሦስት አራት ቀን ውስጥ ይከፈት። የመንግሥት ሠራተኛ በኢትዮጵያ ወር መጨረሻ ይቀበላል፤ የግል ድርጅቶች ይለያያሉ፣ ስለዚህ ያነጋገራችኋቸውን አምስት ሰዎች ጠይቁ። በረመዳን ከመግሪብ እስከ ተራዊሕ መጨረሻ ድረስ ቀጥታ ውይይት አትያዙ፤ በሕማማትም ምዝገባ አትክፈቱ። በሽፍት የሚሠራ ተማሪ ካላችሁ ቀጥታ ውይይቱን በሁለት የተለያየ ሰዓት አድርጉት፤ በአንድ ሰዓት ብቻ ከሆነ ግማሾቹ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ናቸው።

ወረቀትን አትናቁ። የቻናሉ ኪውአር ኮድ ያለበት አንድ ገጽ አትሙና ወሎ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ባሉ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤቶች፣ በሠራተኞች ካፌ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ለጥፉ። ሲቪ ሊያስጽፍ የመጣ ሰው እዚያው ቆሞ ያነበዋል። በየወረቀቱ ላይ የቦታውን ምልክት በእርሳስ አድርጉና የተመዘገበውን ሰው «የት አዩት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ለቀጣዩ ዙር የት እንደምትለጥፉ ታውቃላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ በሰው ግሩፕ ውስጥ ሳታስፈቅዱ ሊንክ አትጣሉ። አስተዳዳሪውን በግል አነጋግሩና ናሙና ቪዲዮውን ብቻ እንዲለጥፍላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 7፦ ለሚጠይቃችሁ ሰው በደንብ መልሱ

አብዛኛው ሽያጭ የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ነው። ሰውየው «ዋጋው ስንት ነው?» ይላል፤ «750» ትላላችሁ፤ ጸጥ ይላል። ዋጋውን መመለስ ግዴታ ነው፣ ግን አንድ ጥያቄ አስከትሉ፦

«ሰላም፣ እንኳን ደህና መጡ። ኮርሱ 750 ብር ነው፣ በሁለት ጊዜም መክፈል ይቻላል። አሁን ስቶር ውስጥ እየሠሩ ነው ወይስ ለመግባት እያሰቡ?»
«እየሠራሁ ነው። ግን ኤክሴል ብዙም አልችልም።»
«ሰንጠረዥ ከፍተው ቁጥር ያስገባሉ?»
«እሱንማ አስገባለሁ።»
«እንግዲያው ይበቃዎታል። ይህን የ8 ደቂቃ ቪዲዮ ይዩና በእርስዎ ዕቃ ይሞክሩት። ነገ ማታ እንዴት እንደሆነ ይንገሩኝ።»

ዕድሜውን ለማታውቁት ሰው በአክብሮት ጻፉ፤ እሱ «አንተ በለኝ» ካለ በኋላ መቀየር ትችላላችሁ። ኮርሱ እንደማይሆነው ካያችሁ «ይህ ለእርስዎ ገና ነው፣ መጀመሪያ መሠረታዊ ኮምፒውተር ይማሩ» በሉት። ያንን ገንዘብ ብታጡም ሰውየው የሚሆነውን ሰው ይልክላችኋል።

ደረጃ 8፦ ክፍያውን አረጋግጡ፣ ከዚያ አስገቡ

በመጀመሪያው ዙር አንድ ሰው የቴሌብር ስክሪንሾት ልኮልኝ ወዲያው አስገባሁት። ማታ ሒሳቤን ሳይ ገንዘቡ የለም፤ ስክሪንሾቱ የሌላ ሰው ነበር፣ ስሙና ቀኑ ተቀይሮ። ከዚያ ወዲህ የምሠራው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦

ሀ. ከፋዩ ሙሉ ስሙንና የግብይቱን ቁጥር እንዲጽፍ እጠይቃለሁ። ስክሪንሾት ብቻ አልቀበልም።
ለ. የግብይት ቁጥሩን እኔ ስልክ ላይ ከደረሰው መልእክት ወይም ከመተግበሪያው ታሪክ ጋር አስተያያለሁ። ቴሌብር ከሆነ በ*127# ገብቼ ሒሳቤን አያለሁ፤ ንግድ ባንክ ከሆነ በኤፍቲ የሚጀምረውን ቁጥር አመሳክራለሁ።
ሐ. መዝገቤ ላይ ስም፣ ቀን፣ መጠንና የግብይት ቁጥር እጽፋለሁ። አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ከመጣ ወዲያው ይታያል።
መ. የተጠቃሚ ብዛቱ 1 ተብሎ የተወሰነ የግብዣ ሊንክ እልክለታለሁ። አንድ ሰው ሲገባበት ሊንኩ ይዘጋል፤ ግሩፕ ውስጥ ቢለጠፍም ሌላ ሰው አያስገባም።

«እስከ ነገ 12 ሰዓት ድረስ አረጋግጬ አስገባችኋለሁ» ብላችሁ ቀድማችሁ ጻፉ፤ ገንዘብ ልኮ የሚጠብቅ ሰው አንድ ሰዓትም ይረዝምበታል። ፒን ቁጥርና በመልእክት የሚመጣ የማረጋገጫ ኮድ ከማንም አትጠይቁ፣ ለማንም አትስጡ።

የተከፈለውን ገንዘብ እስከ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አትንኩት። እስከዚያ ያልተመቸው ሰው ሙሉውን ይመለስለት። ገንዘቡ ወጪ ሆኖ ከተገኘ የመመለስ ቃላችሁ ባዶ ይሆናል።

ደረጃ 9፦ በመጀመሪያው 48 ሰዓት አንድ ነገር ያሠሩት

የመጀመሪያው ትምህርት ንድፈ ሐሳብ አይሁን። ተማሪው አሥር ዕቃ መዝግቦ ድምሩን አውጥቶ ፎቶ ይላክ። የላከውን ሰው በስሙ ጠርታችሁ አስተያየት ስጡ። በሁለት ቀን ውስጥ ምንም ያልላከውን በግል «ምን ያዘዎት?» በሉት። ብዙ ጊዜ መልሱ ትንሽ ነገር ነው፤ ፋይሉ አልከፈት ብሎት ነበር ወይም ስልኩ ቦታ ሞልቶበት ነበር።

ኔትወርክ ሲቋረጥ የሳምንቱን ትምህርት በፍላሽ የሚወስዱበት አንድ የታወቀ ቦታ ይኑር፤ ደሴ አንድ፣ ኮምቦልቻ አንድ። የወዳጅ ሱቅ ይበቃል። በምዝገባው ጊዜ ይህን መናገር ራሱ ሰው ያስመዘግባል፣ የብዙዎች ፍርሃት «ከፍዬ ኔት ቢጠፋስ?» ነውና።

ደረጃ 10፦ ምስክርነት ሰብስቡ፣ ሁለተኛውን ዙር አዘጋጁ

«ኮርሱ እንዴት ነበር?» ካላችሁ «በጣም አሪፍ ነበር፣ እናመሰግናለን» ትባላላችሁ፤ ይህ ለማንም አይረዳም። «ከኮርሱ በፊት ሪፖርት ስንት ቀን ይወስድብዎት ነበር? አሁንስ?» በሉ። መልሱን ስትለጥፉ በጽሑፍ አስፈቅዱ፤ ስሙን፣ ፎቶውን ወይም መሥሪያ ቤቱን ያለ ፈቃድ ማውጣት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ይነካል። ተማሪው የላከው የስቶር ካርድ ላይ የድርጅት ስምና ብዛት ካለ ሸፍኑት፤ ሰውየው ሥራውን ሊያጣበት ይችላል።

ገቢው ቋሚ ከሆነ ሁለተኛውን ዙር ከመክፈታችሁ በፊት የከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ስለ ንግድ ፈቃድ፣ ገቢዎች ሄዳችሁ ደግሞ ስለ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር ጠይቁ። ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን በጅምላ ሊያስመዘግቡ ሲመጡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ደረሰኝ ነው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የሌላ ሰው ቪዲዮ አውርዶ በራስ ድምፅ መሸጥ። ከቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ባሻገር፣ ተማሪው ሲጠይቃችሁ የማትመልሱት ነገር ይበዛል።

«ሦስት ቦታ ብቻ ቀርቷል» ብሎ ለአንድ ወር መለጠፍ። ቦታው በእውነት የሚወሰን ከሆነ ምክንያቱን ጻፉ፤ «ሥራችሁን በየቀኑ የማርመው እኔ ስለሆንኩ ከ20 በላይ አልችልም» ማለት ይበቃል። ሲሞላም ዝጉ።

ለጓደኛና ለዘመድ ኮርሱን በነፃ ሰጥቶ ምስክር ማድረግ። ያልከፈለ ሰው ብዙ ጊዜ አይጨርስም፣ ያልጨረሰ ሰው ደግሞ የሚመሰክረው የለውም።

ዙሩ ካለቀ በኋላ ቻናሉን እንዳለ መተው። ተማሪዎቹ ቪዲዮውን እስከ መቼ ማየት እንደሚችሉ በምዝገባው ጊዜ በቀን ቁረጡ፤ እኔ ስድስት ወር እሰጣለሁ። ቀኑ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው አስታውሷቸው። ያኔ የሚመጣላችሁን ጥያቄ ሁሉ መዝግቡ፤ የሁለተኛው ዙር የመጀመሪያ ማስታወቂያ የሚጻፈው ከእሱ ነው።